የደንበኞችን መረጃ ከምንጩ ማጽዳት፦ የአሠራር መመሪያ

በተለምዶ ሲአርኤም የሚባለውን የደንበኞች ግንኙነት ማስተዳደሪያ ሥርዓትዎን ይክፈቱና የስልክ ቁጥሮቹን በተደጋገሙበት ብዛት ይደርድሯቸው። ብዙ ጊዜ ከሁሉ በላይ የሚቀመጠው ቁጥር የደንበኛ ሳይሆን የራሱ የድርጅቱ የእንግዳ መቀበያ ስልክ ነው። ከእሱ ሥር አሥር ዜሮዎች ይገኛሉ፤ ዝቅ ሲሉ 1234567890 ይመጣል። ይህን ያየ ኃላፊ መጀመሪያ የሚለው «ሠራተኞቼ ሰነፎች ናቸው» ነው። እኔም እንዲያ እል ነበር። አንድ ቀን ግን ከአንዲት የሽያጭ ሠራተኛ ጎን ተቀምጬ ስትመዘግብ አየሁ። ደንበኛው ፊቷ ቆሟል፤ ከኋላው ሌላ ሰው ተራ ይጠብቃል፤ ቅጹ ስልክ ካልገባ አላስቀምጥም ብሏል፤ ደንበኛው ደግሞ ስልኩን መስጠት አልፈለገም። ልጅቷ ጣቷ የለመደውን ቁጥር መታችና አለፈች። ስልኩን የፈለገው ቅጹ ነበር፤ እሷ ለምንም አትፈልገውም።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም የመረጃ ሳጥን ሳይ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ይህን የሚሞላው ሰው፣ የሞላውን ተመልሶ ይፈልገዋል? የሚፈልገው ከሆነ ሳጥኑ ብዙም ሳይደከምበት ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። የማይፈልገው ከሆነ ዛሬ ቢያጸዱት ከጥቂት ወራት በኋላ ወደነበረበት ይመለሳል። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች የተደረደሩት ይህን ታሳቢ በማድረግ ነው። ብዙዎች ድርብ መዝገቦችን፣ ማለትም አንዱ ደንበኛ ሁለት ጊዜ የተመዘገበባቸውን፣ በመሰረዝ ይጀምራሉ፤ እዚህ ግን ያ ሥራ አምስተኛ ነው የሚመጣው። የሚያስፈልግዎ የሥርዓቱ የአስተዳዳሪ ፈቃድ፣ እንደ ኤክሴል ያለ የሠንጠረዥ ፕሮግራምና ትዕግሥት ነው።

1. ቅጂ ያውጡ፤ ቅጂውንም አያበላሹት

ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ሙሉውን መረጃ አውጥተው፣ በፋይሉ ስም ላይ ቀኑን ጽፈው ማንም በማይነካው ቦታ ያስቀምጡ። የተዋሃዱ መዝገቦችን መልሶ መለያየት በብዙ ሥርዓቶች አይቻልም። ለምሳሌ ሃብስፖት በተባለው ሲአርኤም ሁለት የደንበኛ መዝገቦች አንዴ ከተዋሃዱ ውሕደቱን መሻር አይቻልም። ስለዚህ መመለሻዎ ይህ ፋይል ብቻ ሊሆን ይችላል።

ፋይሉን ግን ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርገው በቀጥታ በኤክሴል አይክፈቱት። ኤክሴል ቁጥር የመሰለውን ሁሉ ቁጥር ያደርገዋል። በዜሮ የሚጀምር ስልክ ዜሮውን ያጣል። ከ15 አሃዝ በላይ የሆነ መለያ ቁጥር ከ15ኛው በኋላ ያለው ሁሉ ወደ ዜሮ ይለወጥበታል። ቀን የሚመስል ጽሑፍም ቀን ሆኖ ቁጭ ይላል። ሳይንቲስቶችም ከዚህ አላመለጡም፦ የሰውን ዘረ መል ስያሜዎች የሚያጸድቀው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ፣ ኤክሴል ወደ ቀን እየቀየረ ያስቸገራቸውን ስያሜዎች እስከ መለወጥ ደርሶ ይህንኑ በ2020 ባወጣው መመሪያ ላይ አስፍሯል። እርስዎ ያን ያህል መሄድ የለብዎትም። ፋይሉን ከጽሑፍ ፋይል ማስገቢያው በኩል ያስገቡ፤ ስልክ፣ መለያ ቁጥርና የፖስታ ቁጥር ያለባቸውን ዓምዶች «ጽሑፍ» ብለው ይመድቡ፤ የፊደል ኮዱንም ዩቲኤፍ-8 ያድርጉ። አለበለዚያ በግዕዝ ፊደል የተጻፈው ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክትና የማይነበብ ቅርጽ ሆኖ ይጠብቅዎታል።

ሴልስፎርስ የተባለውን ሲአርኤም ለሚጠቀሙ ሌላም ወጥመድ አለ። የመዝገብ መለያው በሁለት ርዝመት ይመጣል፤ አንዱ 15፣ ሌላው 18 ምልክቶች አሉት። አጭሩ በትልቁና በትንሹ የላቲን ፊደል መካከል ይለያል፤ በመለያ ፈልጎ መረጃ የሚያመጣው የኤክሴሉ ቪሉክአፕ ቀመር ግን አይለይም። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ደንበኞች ለቀመሩ አንድ ሰው መስለው ይታዩና የአንዱ መረጃ በሌላው ላይ ይጻፋል፤ ምንም የስህተት መልእክት አይወጣም። ባለ 18ቱ መለያ የተፈጠረው ለዚሁ ነው፤ ሁልጊዜ እሱን ይጠቀሙ።

2. መቶ መዝገቦችን በእጅ ይለኩ

የመረጃ ጥራት መለኪያ ተብለው የሚዘረዘሩ ነገሮች አሉ፦ ትክክለኛነት፣ ምሉዕነት፣ ወጥነት፣ ወቅታዊነት፣ አለመደጋገምና ደንብን መጠበቅ። ማወቁ አይጎዳም፤ ለመጀመር ግን ቶማስ ሬድማን የተባሉት አሜሪካዊ የመረጃ ጥራት ባለሙያ ያስተዋወቁት «የዓርብ ከሰዓት ልኬት» የተሻለ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። በቅርቡ የተመዘገቡ 100 ደንበኞችን ያውጡ። ለሥራው ወሳኝ የሆኑ ከ10 እስከ 15 ሳጥኖችን ይምረጡ። ሥራውን በእጃቸው የሚያውቁ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎችን ይጥሩና ለሁለት ሰዓት ያህል አብረው ተቀምጠው መዝገቦቹን አንድ በአንድ ይዩ፤ ስህተት የሆነውን ሁሉ በቀይ ያቅልሙ። በመጨረሻ አንድም ቀይ ያልነካቸውን መዝገቦች ይቁጠሩ። 61 ከሆኑ ውጤትዎ 61 ነው።

ውጤቱ ዝቅ ብሎ ቢያገኙት አይደንግጡ። ሬድማንና ሁለት ባልደረቦቻቸው በዚህ ዘዴ የተሰበሰቡ ውጤቶችን ይዘው በ2017 ባወጡት ጽሑፍ፣ አዲስ ከሚፈጠሩት መዝገቦች በአማካይ 47 ከመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ሥራን የሚያውክ ስህተት እንዳለባቸው ገልጸዋል።

የተገኘው ቁጥር በራሱ ብዙ አይነግርዎትም። ቀዩ የት እንደበዛ ይመልከቱ። አንድ ዓምድ ከላይ እስከ ታች ከቀላ ችግሩ ከቅጹ ነው። ቀዩ የአንድ ቅርንጫፍ ወይም የአንድ ፈረቃ መዝገቦች ላይ ብቻ ከተከማቸ ሥልጠና ይጎድላል። ከድረ ገጽ በቀጥታ የገቡት ብቻ ከቀሉ ደግሞ የሁለቱ ሥርዓቶች መገናኛ ላይ የተበላሸ ነገር አለ። ወረቀቱን አይጣሉት፤ በኋላ ይመለሱበታል።

3. ማንም የማይፈልጋቸውን ሳጥኖች ይዝጉ

ይህ እርምጃ ከጠቅላላው ሥራ ግማሹን ያስቀራል፤ ሆኖም ሰው የሚዘለውም እሱን ነው። ሳጥን መጨመር ማንንም አያስቀይምም። መዝጋት ግን «አንድ ቀን ያስፈልገን ይሆናል» የሚል ሰው ያስነሳል። ያ አንድ ቀን ሲመጣ በሳጥኑ ውስጥ የሚገኘው ነጥብና ሰረዝ መሆኑን ማሳየት የእርስዎ ፋንታ ነው።

የሳጥኖቹን ዝርዝር ያውጡና በእያንዳንዱ ፊት ሦስት ነገሮችን ይጻፉ፦ ከመቶ ስንቱ ተሞልቷል፣ የትኛው ሪፖርት ወይም የትኛው ሠራተኛ ይጠቀምበታል፣ በውስጡ የሚደጋገሙት አሥር መልሶች ምን ምን ናቸው። ሦስተኛው እንዳይዘለል። የሞላ ሳጥን ሁሉ መረጃ አለው ማለት አይደለም። የሥራ ዘርፍ በሚለው ሳጥን ውስጥ «.» እና «የለም» እና «ሀሀ» ከፊት ተሰልፈው ካገኙ፣ የግዴታ ያደረጉት ሳጥን ሰዎችን ውሸት እያስጻፈ ነው። በአገሮች ዝርዝር ውስጥ ሳይጠበቅ አፍጋኒስታን ብዙ ደንበኛ ካላት፣ በላቲን የፊደል ተራ መጀመሪያ ላይ ስለተቀመጠች ሊሆን ይችላል፤ የቸኮለ ሰው የመጀመሪያውን ይመርጣል። ደንበኞችዎ በጅምላ በ1970 የመጀመሪያ ቀን የተወለዱ ከሆነም ልደታቸው አይደለም። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ስለሆነ፣ ባዶው ሳጥን ወደ ዜሮ ሲለወጥ ዜሮው ያን ቀን ሆኖ ይወጣል። 1900 ላይ የተከማቸ ካዩ ደግሞ ምንጩ ኤክሴል ይሆናል፤ እሱ ቀናትን የሚቆጥረው ከዚያ ዓመት ጀምሮ ነው።

ተጠቃሚ የሌለውን ሳጥን ወዲያው አይሰርዙት፤ ከቅጹ ላይ ይደብቁት። ሁለት ወር ይጠብቁ። ማንም «የት ሄደ?» ካላለ መረጃውን በቅጂ አስቀምጠው ያጥፉት።

ከሚቀሩት ውስጥ የግዴታ የሚሆኑት ጥቂት ይሁኑ። ለእያንዳንዱም እውነተኛ መውጫ ይስጡት። ስልክ ለሚለው ሳጥን «መስጠት አልፈለገም» እና «ስልክ የለውም» የሚሉ ምርጫዎች ሲጨመሩ ዜሮዎቹ ይቀንሳሉ፤ ባዶነቱም መረጃ ይሆናል። ደንበኛው አልሰጥም ማለቱን ማወቅ የእንግዳ መቀበያውን ቁጥር ከማየት በብዙ ይሻላል። የምርጫው ዝርዝር የመጀመሪያ መስመር ደግሞ ባዶ ይሁን፤ ሥርዓቱ በራሱ የመረጠውን መልስ ሰው የመረጠው አድርጎ መቁጠር አይገባም።

4. አጻጻፉን አንድ ያድርጉ

በዚህ እርምጃ አብዛኛው ሥራ የማሽን ነው፤ አንዴ ደንቡን ከወሰኑ በኋላ በጅምላ ይሠራል።

ስልክ በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ኢ.164 ደንብ መሠረት ይጻፍ፦ የመደመር ምልክት፣ የአገር ኮድ፣ ከዚያ ቁጥሩ፤ ክፍተት፣ ሰረዝና ቅንፍ የለም፤ ጠቅላላው ከ15 አሃዝ አይበልጥም። የውስጥ መስመር ቁጥር ካለ በራሱ ሳጥን ይቀመጥ። ቀን በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) 8601 አጻጻፍ ዓመት፣ ወር፣ ቀን እየተባለ ይቀመጥ፤ 03/04 መጋቢት ይሁን ሚያዝያ ብሎ የሚከራከር ሰው አይኖርም፤ በቅደም ተከተል ሲደረደርም ራሱን ያስተካክላል። ድርጅትዎ ከአንድ በላይ የዘመን አቆጣጠር የሚጠቀም ከሆነ በመዝገቡ ውስጥ አንዱን ብቻ ያስቀምጡና ሌላውን ለእይታ ያስሉት። አገር በአይኤስኦ 3166 ባለ ሁለት ፊደል ኮድ ይቀመጥ።

ኢሜይል ሁሉ በትንሹ የላቲን ፊደል ይሁን። ከዚያ ከ@ ምልክት በኋላ ያለውን ክፍል ብቻ ለይተው በድግግሞሽ ይደርድሩት። ከላይ የታወቁት አገልግሎት ሰጪዎች ይሰለፋሉ፤ ወደ ታች ሲወርዱ አንዲት ፊደል የጎደላቸው ወይም የተገለበጠባቸው የእነዚያው ስሞች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፈው ያገኛሉ። በግማሽ ሰዓት ብዙ አድራሻዎችን ከሞት ያስነሣሉ። ነገር ግን ያረሙት አድራሻ የእርስዎ ግምት መሆኑን አይርሱ፤ ደንበኛው እስኪያረጋግጥ ድረስ ምልክት ያድርጉበት።

የማይታዩ ክፍተቶች የተለየ ጣጣ ናቸው። የኤክሴል ትሪም ቀመር ከፊትና ከኋላ ያለውን ተራ ክፍተት ያጠፋል፤ ከድረ ገጽ ተቀድቶ የሚመጣውን፣ ኮዱ 160 የሆነውን ክፍተት ግን አይነካም። ለዓይን አንድ የሆኑ ሁለት ስሞች «አይመሳሰሉም» እየተባሉ ካስቸገሩዎት መጀመሪያ እሱን ይጠርጥሩ፤ በመተኪያ ቀመር ወደ ተራ ክፍተት ይለውጡት፣ ከዚያ ትሪምን ያስኪዱ።

ስም ላይ ሲደርሱ እጅዎን ይሰብስቡ። ስም የደንበኛው ነው። በግዕዝ ፊደል ስንጽፍ ያው ሰው ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ ፀሐይና ጸሃይም እንዲሁ። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ኮድ ያለው ሌላ ፊደል ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስሙን ራሱን «አርሞ» በማስተካከሉ ነው። ይህን አያድርጉ፤ ሰው ስሙ ተለውጦ ሲጻፍበት ይቀየማል፤ በሰነድ ላይ ካለው ስም ጋርም ይጋጫል። ለማመሳሰል ብቻ የሚያገለግል አንድ የተደበቀ ዓምድ ይፍጠሩ። በዚያ ዓምድ ውስጥ ሐ እና ኀ ከነዘሮቻቸው ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይለወጡ፤ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ እና ዓ ወደ አ ይጠቅለሉ። የሚታየው ስም ደንበኛው እንደጻፈው ይቆይ። ስም በላቲን ፊደል ከተመዘገበ ችግሩ ይብሳል፤ አንዱ ስም አራትና አምስት መልክ ይዞ ስለሚመጣ፣ በዚያ ጊዜ በስም ብቻ ማመሳሰል አያዋጣም።

ደግሞም ሁለተኛው ስም ለሁሉም ሰው የቤተሰብ ስም እንዳልሆነ ያስቡ። የአባት ስም ለሆነለት ሰው፣ «የቤተሰብ ስማቸው አንድ ስለሆነ ዘመድ ናቸው» ብሎ የሚያጠቃልል ሥርዓት ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሰዎችን በአንድ ጣራ ሥር ያኖራቸዋል።

5. ድርብ መዝገቦችን ይፈልጉ፤ ለማዋሃድ ግን አይቸኩሉ

እያንዳንዱን መዝገብ ከእያንዳንዱ ጋር ማነጻጸር ቀላል ይመስላል። 10,000 መዝገቦች ቢኖሩዎት 49,995,000 ጥንዶች ይወጣሉ። ስለዚህ መጀመሪያ በቡድን ይከፋፍሉ፦ የስልካቸው የመጨረሻ ሰባት አሃዞች የሚመሳሰሉት አንድ ላይ፣ ኢሜይላቸው የሚመሳሰል አንድ ላይ፣ የማመሳሰያ ስማቸውና ከተማቸው የሚመሳሰል አንድ ላይ። ማነጻጸሩ በየቡድኑ ውስጥ ብቻ ይሁን።

ከዚያ የተገኙትን ጥንዶች በሦስት ይክፈሏቸው። ኢሜይልም፣ ስልክም፣ ስምም ከተመሳሰለ ማሽኑ ያዋህድ። አንዱ ብቻ ከተመሳሰለና ሌሎቹ በግልጽ ከተለያዩ ይተዉት። በመካከል ያለውን ሰው ይየው። የመካከለኛውን ክፍል ለማጥበብ ብዙ ፕሮግራሞች በፊደል ልዩነት ቆጠራ ይጠቀማሉ። የሶቪየቱ የሒሳብ ሊቅ ቭላዲሚር ሌቨንሽታይን በ1965 ያቀረቡት ዘዴ፣ አንዱን ቃል ወደ ሌላው ለመለወጥ ስንት ፊደል መጨመር፣ መቀነስ ወይም መተካት እንደሚያስፈልግ ይቆጥራል። በላቲን ፊደል ለተጻፈ ረጅም ስም የአንድ ወይም የሁለት ፊደል ልዩነት የአጻጻፍ ስህተት ተብሎ ቢታለፍ ያስኬዳል። በአማርኛ ግን ይጠንቀቁ። የእኛ ሆሄ ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ ብዙዎቹ ስሞቻችን ሦስትና አራት ሆሄያት ብቻ ናቸው፤ አንድ ሆሄ ሲለወጥ ብዙ ነገር ይለወጣል። ተስፋዬና ተስፋየ በአንድ ሆሄ ይለያያሉ፣ ሰውየው ግን አንድ ሊሆን ይችላል። አበበና አበባም በአንድ ሆሄ ብቻ ይለያያሉ፤ አንዱ ወንድ ነው፣ አንዷ ሴት ናት። ስለዚህ ለአማርኛ ስም የፊደል ልዩነትን ማስጠርጠሪያ ያድርጉት እንጂ ለብቻው ማዋሃጃ አያድርጉት።

ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ነው። ከዓመታት በፊት በምሠራበት ድርጅት «ስልኩ አንድ ከሆነ ሰውየው አንድ ነው» የሚል ደንብ አውጥቼ በአንድ ምሽት ብዙ መዝገቦችን አዋሃድኩ። በማግስቱ ጠዋት የሽያጭ ክፍሉ ኃላፊ ጠረጴዛዬ ላይ ቆሞ «አሥራ ሁለቱ ሰዎች የት ሄዱ?» አለኝ። የትልቅ ደንበኛችን አሥራ ሁለት ሠራተኞች ሁሉም ያስመዘገቡት የኩባንያቸውን የማዞሪያ ስልክ ነበር። የግዥ ኃላፊው፣ ሒሳብ ሹሟ፣ ሁለቱ መሐንዲሶች፣ ሁሉም አንድ ሰው ሆነዋል። ስሙም የመጋዘን ጠባቂው ስም ነበር፤ መጨረሻ የተመዘገበው እሱ ስለነበረ። ከመጠባበቂያው ቅጂ ለመመለስ ሳምንት ፈጀብን፤ የመጀመሪያውን እርምጃ የመጀመሪያ ያደረግሁት ያን ጊዜ ነው። ከማመሳሰል በፊት ከተወሰነ ቁጥር በላይ የተደጋገመን ስልክ ሁሉ ከማመሳሰያነት ያስወጡት፤ አምስት ሰዎች የሚጋሩት ስልክ የማንም መለያ አይሆንም። ባልና ሚስትም ኢሜይል ይጋራሉ፤ አባትና ልጅም ስልክ ይጋራሉ።

ሁለት መዝገቦች አንድ መሆናቸው ከተረጋገጠ በኋላ የትኛው መልስ ይቀራል የሚለውን ደንብ አስቀድመው ይጻፉ። «የቅርቡ ያሸንፋል» ብቻ ብሎ ማለፍ በቂ አይደለም። ደንበኛው ራሱ የሰጠው ሠራተኛ ከገመተው ይበልጣል። የተረጋገጠ ኢሜይል ካልተረጋገጠ ይበልጣል፤ አዲሱ ያልተረጋገጠው ቢሆንም እንኳ። ባዶ ሳጥን የተሞላውን ፈጽሞ አያጥፋ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በአንዱ መዝገብ «መልእክት አትላኩልኝ» ካለና በሌላው ምንም ካላለ፣ እምቢታው ይጽና። ይህን የሚዘነጋ ድርጅት ደንበኛ ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ እንደ አውሮፓ ኅብረቱ፣ ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ እንደዋለው የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ ባሉ ሕጎች ፊትም ይጠየቃል። ያው ደንብ በአምስተኛው አንቀጹ የተያዘው የግል መረጃ ትክክለኛና ወቅታዊ እንዲሆን ያስገድዳል።

መጀመሪያ ሃያ ጥንዶችን ብቻ ያዋህዱ። የግዢ ታሪካቸው፣ ማስታወሻቸውና የተያያዙት ፋይሎች አብረው መሄዳቸውን አንድ በአንድ ከፍተው ይዩ። ከዚያ ሁለት መቶ፣ ከዚያ ቀሪውን።

6. በሩን ያጥብቁ

መረጃ የሚገባባቸውን በሮች ይቁጠሩ። ብዙ ሰው አንድ በር ያለ ይመስለዋል፤ ሲቆጠሩ ግን የሠራተኛው ቅጽ፣ የድረ ገጹ ቅጽ፣ ከሌላ ሥርዓት የሚመጣው ማገናኛና አንድ ሰው ዓርብ ማታ በጅምላ የሚያስገባው የኤክሴል ፋይል ናቸው። ከሁሉ የከፋው የመጨረሻው ነው። አንድ ያልተጣራ ፋይል የወር ሥራዎን በአምስት ደቂቃ ያፈርሰዋል። በጅምላ የማስገባት ፈቃድ ከሁለት ሰው በላይ አይኑረው። ማንኛውም ፋይል መጀመሪያ ከዋናው ተለይቶ ለመሞከሪያ በተዘጋጀ ሥርዓት ይለፍ፤ ከነባሩ መዝገብ ጋር ሳይነጻጸር አይግባ፤ ከየት እንደመጣና በማን እንደገባ የሚናገር ምልክትም ከእያንዳንዱ መስመር ጋር ይግባ። ነገሩ ቢበላሽ ያን ምልክት ይዘው በአንድ ማጣሪያ ለይተው ያወጡታል።

በሠራተኛው ቅጽ ላይ «አዲስ ደንበኛ» የሚለው ቁልፍ ከመፈለጊያው በኋላ ይምጣ፤ ስልኩን ሲጽፍ ተመሳሳይ መዝገብ ካለ ወዲያው ይታየው። ማስጠንቀቂያው አስጠንቅቆ ማለፍን ይፍቀድ፤ ሙሉ በሙሉ ከከለከለ ሠራተኛው ከስሙ ላይ ነጥብ ጨምሮ ያልፋል፤ ያኔ ድርብ መዝገብዎ ከበፊቱ ይልቅ የተደበቀ ይሆናል። ማስጠንቀቂያውን ስንት ሰው እንዳለፈው በየሳምንቱ ይመልከቱ።

የማረጋገጫ ደንብ ሲጽፉ የስህተት መልእክቱን በሰው ቋንቋ ይጻፉት። «ቅርጸቱ ልክ አይደለም» የሚል መልእክት ሠራተኛውን የትም አያደርሰውም። «ስልኩ በመደመር ምልክትና በአገር ኮድ ይጀምር» ቢለው ያርመዋል።

7. የሚያረጀውን ይከታተሉ

በትክክል የገባ መረጃም ይበላሻል፤ ሰው ሥራ ይለውጣል፣ ቤት ይቀይራል፣ ስልክ ይጥላል። ለዚህ የመጀመሪያው ምልክት ሳይደርስ የሚመለሰው ኢሜይል ነው። የመመለሻው ኮድ በ5 ከጀመረ፣ ለምሳሌ 550፣ ችግሩ ቋሚ ነው፤ አድራሻው «አይሠራም» ተብሎ ይመዝገብ እንጂ አይሰረዝ፤ ከተሰረዘ ሌላ ሰው ያንኑ አድራሻ ከአሮጌ ፋይል መልሶ ያስገባዋል። በ4 ከጀመረ ጊዜያዊ ነው፤ እንደገና ይሞከር።

ለስልክ፣ ለኢሜይልና ለአድራሻ እያንዳንዳቸው «መጨረሻ የተረጋገጠበት ቀን» የሚል ሳጥን ይጨምሩ። «መጨረሻ የተለወጠበት ቀን» ከዚህ ጋር አንድ አይደለም፤ ያን ቀን ማንኛውም የጅምላ ጽዳት ይለውጠዋል። ከዚያ ደንበኛው በራሱ ጉዳይ ሲደውል፣ ማረጋገጫው ከዓመት በላይ ከሆነው ሠራተኛው «ስልክዎ አሁንም ይኸው ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ለዚሁ ብቻ ብሎ ሰው መደወል አያስፈልግም።

8. ለእያንዳንዱ ሳጥን ባለቤት ይሰይሙ

«የመረጃ ጥራት የሁላችንም ኃላፊነት ነው» የሚል ማስታወቂያ የተለጠፈበት ቢሮ ውስጥ ኃላፊ የለም ማለት ነው። በሦስተኛው እርምጃ ባወጡት ዝርዝር ላይ አንድ ዓምድ ይጨምሩና ከእያንዳንዱ ሳጥን ፊት የአንድ ሰው ሥራ መደብ ይጻፉ፤ ክፍል አይጻፉ። ባለቤቱ የዚያ ሳጥን መልስ ሲበላሽ ሥራው የሚጎዳበት ሰው ይሁን። የክፍያ አድራሻ ለሒሳብ ክፍል ሰው፣ የማድረሻ አድራሻ ለማጓጓዣው ሰው። የኮምፒውተር ክፍሉ የሁሉም ባለቤት ከተደረገ የማንም አይሆንም። ሠራተኛ ሲለቅ በስሙ ሥር ያሉት ደንበኞች በዚያው ሳምንት ወደ ሌላ ሰው ይዛወሩ። አዲስ ሳጥን ይጨመር የሚል ሰው ሲመጣም ሁለት ጥያቄ ይጠይቁት፦ ማን ይሞላዋል? የሞላው ሰው ምን ያገኝበታል? ለሁለተኛው መልስ ከሌለው ሳጥኑ አይጨመር።

ከሦስት ወር በኋላ ያስቀመጡትን ባለ ቀይ ወረቀት ያውጡ። አዲስ 100 መዝገቦች፣ እነዚያው ሳጥኖች፣ ቢቻል እነዚያው ሰዎች። የአሁኖቹ መዝገቦች ከጽዳቱ በኋላ የተመዘገቡ መሆን አለባቸው፤ የጸዱትን አሮጌዎች መልሶ መለካት ራስን ማታለል ነው። ቁጥሩ ከ61 ወደ 80 ከወጣ በሩን ማጥበቁ እየሠራ ነው። እዚያው 61 ላይ ከቆመ ግን ወደ አምስተኛው እርምጃ አይሂዱ፤ ወንበርዎን ይዘው ከሽያጭ ሠራተኛዋ ጎን ይቀመጡና ስትመዘግብ ይዩ።